«በረዶ»፣ «ጭስ ማውጫ»፣ «ማሻሻል»፦ በሦስት የጥገና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የቴክኒክ ቃላት አተረጓጐም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው «ቃሉ አማርኛ ነው ወይስ ባዕድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ አለ፤ ይኸውም «ቃሉ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ይገልጣል ወይስ ይሰውራል?» የሚለው ነው። ጥሩ አማርኛ የሆነ ቃል ሥራን ሊሰውር፣ ከውጭ የመጣ ቃልም ማንንም ሳያሳስት ሊያገለግል እንደሚችል በአንድ ጠባብ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

ምሳሌው ከመኪና ጥገና የተወሰደ ነው። ሞተራቸው በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ መኪናዎች፣ በተለይም በአገራችን «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው የቮልስዋገን አውቶሞቢል፣ ማርሚታቸው በሌላ ዓይነት ሲተካ በርጥብና በቀዝቃዛ አየር ጊዜ ካርቡሬተራቸው እየጋገረ ሞተሩን የሚያጠፋበት ሁኔታ አለ። ይህን ጉዳይ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሦስት ቃላት ጋር ይገናኛል፤ እነርሱም «በረዶ»፣ «ጭስ ማውጫ» እና «ማሻሻል» ናቸው። ሦስቱም የታወቁ የአማርኛ ቃላት ሲሆኑ፣ በዚህ ቦታ ሦስቱም አንባቢን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመራሉ።

1. የነገሩ ባሕርይ

ስለ ቃሉ ለመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ በዙሪያው ካለው አየርና ብረት ሙቀት ይወስዳል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን ላይ የሚታሸው አልኮል የሚያቀዘቅዘን በዚሁ ምክንያት ነው። በካርቡሬተር ውስጥ ይህ ትነት ሞተሩ እስከሚጠፋ ድረስ አያቋርጥም። በተጨማሪም አየሩ በጠባቡ ጉሮሮና በከፊል በተዘጋው የአየር ክዳን በኩል ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው የአየሩን ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ የውጭው አየር 15 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ከዜሮ በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል ማለት ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ርጥበት ከቀዝቃዛው ብረት ላይ እያረፈ ይነጣል፤ ይጋገራል፤ መተላለፊያውን ያጠባል። ሞተሩ አየር ሲያጥረው ኀይሉ ይደክማል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ካርቡሬተር ባላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሠለጥኑ አብራሪዎች፣ የአየሩ ሙቀት ከ21 ዲግሪ በታች፣ ርጥበቱም ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ለዚህ አደጋ እንዲጠነቀቁ የሚነገራቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለአንድ የአገራችን ክፍል እንግዳ አይደሉም። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ተነሥቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ ከ2,800 ሜትር በላይ ወጥቷል። በሐምሌና በነሐሴ የወገራ ደጋ ዝናብና ጉም የማይለየው ነው፤ የቀኑም ሙቀት ብዙ ጊዜ በ10 እና በ20 ዲግሪ መካከል ይውላል። ካርቡሬተር እንዲጋገር የሚያስፈልገው አየር ይህ ነው። ከደባርቅ አልፎ ወደ ልማሊሞ ቁልቁለት የሚገባ አሽከርካሪ ደግሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስለሚያነሣ የአየር ክዳኑ ይዘጋል፤ ክዳኑ ሲዘጋም በአጠገቡ ያለው ቅዝቃዜ ይጨምራል።

የችግሩ አስቸጋሪነት ማስረጃውን ራሱ የሚያጠፋ መሆኑ ነው። መኪናው ሲነሣ ደኅና ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይደክማል፤ ይቆማል። አሽከርካሪው ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪያማክር ድረስ የሞተሩ ግለት ወደ ላይ ይወጣና የጋገረውን ያቀልጠዋል። ካንዴላ ቢፈተሽ፣ ቤንዚን ቢጣራ፣ ካርቡሬተር ቢታጠብ ምንም አይገኝም። መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይቆማል። የማይታይን ነገር መካኒኩ ሊያስበው የሚችለው ስም ካለው ብቻ ነው። ተርጓሚው ኀላፊነት ያለበት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

2. «በረዶ» ስለሚለው

በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው የጥገና መመሪያ ይህን ሁኔታ የሚጠራው «መጋገር፣ በረዶ መሆን» የሚል ፍች ባለው ቃል ስለ ሆነ፣ ፈጥኖ የሚመጣው አማርኛ «የካርቡሬተር በረዶ» ወይም «በካርቡሬተር ውስጥ በረዶ መሥራት» የሚል ነው። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። በአንባቢው አእምሮ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ሥዕል ግን ሌላ ነው።

«በረዶ» ለአማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ ከሰማይ የሚወርድ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ አዝመራ የሚያወድም ነገር ነው። ቀጥሎም በማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋ ውሃ ነው። ሁለቱም ከውጭ የሚመጣ ከባድ ቅዝቃዜን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ካርቡሬተሩ በረዶ ሠርቶ ነው» የተባለ የጎንደር ሰው «እንዲህ ያለ ነገር በራስ ደጀን ካልሆነ በእኛ ከተማ የለም» ቢል አይፈረድበትም። ቃሉ 15 ዲግሪ ሙቀት ባለው የክረምት ቀን ሊሆን የሚችለውን ነገር የማይሆን አስመስሎ ይነግረዋልና።

ሁለተኛው ጉዳት ከሥርወ ቃሉ የሚመነጭ ነው። «በረደ» ከሚለው ግሥ «ብርድ»፣ «በረዶ»፣ «ማብረድ»፣ «ማብረጃ» ይወጣሉ። ሞተሩ «አየር የሚያበርደው ሞተር» ተብሎ ከተገለጸ በኋላ በዚያው ገጽ ላይ «በረዶ» ሲጻፍ፣ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ሁለቱ ነገሮችም ዘመዳሞች መስለው ይታያሉ። አንባቢው በረዶውን የፈጠረው የሞተሩ ማብረጃ አየር ነው ብሎ ይደመድማል፤ ምናልባትም ያን አየር ለመቀነስ ይነሣል። እንዲህ ያለው እርምጃ ሞተሩን ከማቃጠል በቀር ሌላ ውጤት የለውም። ሲሊንደሮቹ ከ100 ዲግሪ በላይ ግለው ሳለ ካርቡሬተሩ ብቻውን ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ ቅዝቃዜው የሚፈጠረው በቤንዚኑ ትነትና በግፊቱ መውረድ እንጂ በማብረጃው አየር አይደለም።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አጥቶ ቢሆን ኖሮ ተርጓሚውን አንወቅሰውም ነበር። ግን አላጣም። የጥንቱ ግእዝ «በረድ»፣ «አስሐትያ» እና «ሐመዳ» እያለ ለይቶ ይጠራል፤ የደጋው አማርኛም «በረዶ»፣ «ውርጭ» እና «አመዳይ» እያለ ይለያል። በረዶ ይወርዳል፤ ውርጭ ይመታል፤ አመዳይ ግን በሣርና በገብስ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ይገኛል። አመዳይ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ ርጥበት ከቀዘቀዘ ነገር ጋር ሲገናኝ በዚያው ላይ የሚፈጠር ነው። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ «የካርቡሬተር አመዳይ»፣ በግሥም «ካርቡሬተሩን አመዳይ ያዘው» ማለት የነገሩን አፈጣጠር በአንድ ቃል ያስረዳል።

አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የገበሬው አመዳይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የሚታይ ሲሆን፣ የካርቡሬተሩ ግን በክረምት፣ በቀን፣ በጉም ውስጥ ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ መዝገበ ቃላቱም በፍቺው ውስጥ ሊያመለክተው ይገባል። ነገር ግን ስያሜ ከአንድ መስክ ወደ ሌላ ሲሻገር ሁሉን ነገር ይዞ አይሻገርም፤ ዋናውን ይዞ ከተሻገረ ይበቃል። እዚህ ዋናው ወቅቱ ሳይሆን አፈጣጠሩ ነው። «በረዶ» ወቅቱንም አፈጣጠሩንም ያሳስታል፤ «አመዳይ» የሚያሳስተው ወቅቱን ብቻ ነው፤ እርሱንም አንዲት ዐረፍተ ነገር ታርመዋለች።

3. «ጭስ ማውጫ» ስለሚለው

ከሦስቱ ሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ትክክል መስሎ ይታያል። አማርኛ ነው፤ ግልጽ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ስያሜው የተሠራው ከመኪናው ኋላ ቆሞ በሚያይ ሰው ዐይን ነው፤ የሚታየው የቱቦው አፍና የሚወጣው ጭስ ብቻ ነውና። «ማውጫ» የሚለውም የመሣሪያ ስም ከ«አወጣ» የወጣ በመሆኑ ዕቃው አንድ ሥራ ብቻ እንዳለው ይናገራል፤ ያም የማይፈለግን ነገር ወደ ውጭ መጣል ነው።

የቮልስዋገን ሞተር ግን ከጭሱ ሌላ አገልግሎት ይፈልጋል። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ የሞቀው ውሃ የመምጠጫውን ቱቦ እንዲያሞቅ ሊደረግ ይችላል። ቮልስዋገን ውሃ የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ተጋድመው ሲቀመጡ፣ ካርቡሬተሩ ከመካከል ለብቻው ቆሞ በረጅምና ቀጭን ቱቦ ወደ ሁለቱ ወገን ያከፋፍላል። ከግለቱ ርቆ የተቀመጠውን ይህን ቱቦ ለማሞቅ የሞተሩ ሠሪዎች ሌላ ቀጭን ቱቦ አበጁለት። ይህ ቱቦ ከማርሚታው በአንዱ ወገን ተነሥቶ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ከመምጠጫው ቱቦ ጋር ተጣብቆ ካለፈ በኋላ በሌላው ወገን ወደ ማርሚታው ይመለሳል። በውስጡ የሚሄደው የጋለ ጭስ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የአየር ማጣሪያው ከሲሊንደሮቹ አካባቢ የሞቀ አየር እንዲስብ መደረጉም ለዚሁ ሥራ ይረዳል። እንግዲህ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ያገለግላል ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የጎንደር ባለሙያ ሴት ጠላ ከመጥመቋ በፊት ጋኑን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ጭሱን ለማስወጣት አትቸኩልም፤ በጋኑ ውስጥ ታፍነዋለች፤ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። ቋንቋው ጭስን እንደ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን እንደ አገልጋይም የሚያይበት «ማጠን» የሚል ግሥ ሳለው፣ የሞተሩን ጭስ ግን «ማውጫ» በሚል ቃል በር ላይ ብቻ አቁመነዋል።

ውጤቱ በጋራዥ ይታያል። ማርሚታ የሚለውጥ ሰው ሁለቱን ትንንሽ የቱቦ ጫፎች ሲያገኝ «እነዚህ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ስያሜው «ጭስ ማውጫ» ከሆነ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ጭስ አያወጡምና አያስፈልጉም። በኋላ ተሠርተው ከሚሸጡት ማርሚታዎች አንዳንዶቹ ለእነዚህ ጫፎች መያዣ የላቸውም፤ አንዳንዶቹም መያዣ ቢኖራቸው በሁለቱ ጫፎች መካከል የግፊት ልዩነት አይፈጥሩም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ ጭሱ በቱቦው ውስጥ አይንቀሳቀስም። ጫፎቹ በቆርቆሮ ሲደፈኑ ደግሞ ማሞቂያው ፈጽሞ ይሞታል። ቱቦው ሳይነካም ቢሆን በዘመን ብዛት በጥላሸት ሊደፈን ይችላል፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በቈላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚን ሲበዛም ጥላሸቱ ይበረታል። ቱቦው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሁለቱም ወገን መጋል አለመጋሉን በጥንቃቄ መመርመር ይበቃል። ይህን ቀላል ምርመራ የሚያደርገው ግን ቱቦው ማሞቂያ መሆኑን ስሙ የነገረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ መካኒኮቻችን የሚጠቀሙበት «ማርሚታ» የሚለው ቃል ለትዝብት የሚበቃ ነው። ከካንዴላ፣ ከፍሬን፣ ከጎማና ከማርሽ ጋር ከጣልያንኛ የገባ ነው። ልማሊሞን የሚያቋርጠውን መንገድ የሠሩት፣ ጎንደርንም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የያዙት ጣልያኖች እንደ ነበሩ ሲታሰብ፣ ቃላቱ በዚያ አገር ሥር መስደዳቸው አያስደንቅም። «ማርሚታ» በጣልያንኛ ዋና ፍቺው ድስት ነው፤ ድስት ደግሞ ሙቀት የሚያዝበት ዕቃ ነው። በአማርኛ ይህ ፍቺ አይሰማም፤ ቃሉ ስለ ሥራው ምንም አይናገርም። ይህ ግን ጕድለቱ ብቻ ሳይሆን ደግነቱም ነው። «ካንዴላ» በጣልያንኛ ሻማ ማለት ቢሆንም በሞተሩ ውስጥ ሻማ የፈለገ መካኒክ የለም። ምንም የማይናገር ቃል ውሸት አይናገርም፤ ግማሽ የሚናገር ቃል ግን ያልተናገረውን ግማሽ የሌለ ያስመስላል። የአማርኛን ቃል ሁልጊዜ ከባዕዱ የምናስቀድም ሁሉ ይህን ልዩነት ልናጤነው ይገባል።

4. «ማሻሻል» ስለሚለው

በዕቃ ላይ የተደረገን ለውጥ «ማሻሻል» ብሎ መተርጐም በጽሑፎቻችን ውስጥ የተለመደ ነው። «የተሻሻለ ማርሚታ» የሚለውም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። ይሁንና «አሻሻለ» ከ«ተሻለ» ጋር አንድ ሥር ያለው ነውና በውስጡ ፍርድ አለበት፤ ተሻሻለ የተባለ ነገር ከቀድሞው በልጧል። በባዕዱ መመሪያ ያለው ቃል ግን ከፋብሪካው አሠራር መለየቱን እንጂ መብለጡን አይናገርም። ድምፁ ደምቆ፣ ኀይሉም በቈላ ሜዳ ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ ማሞቂያውን ያጣ ማርሚታ በወገራ ጉም ውስጥ «የተሻሻለ» ሊባል አይችልም። ባለመኪናው ግን ቃሉን አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል፤ መኪናው ሲቆምም ከ«ተሻሻለው» ዕቃ በቀር ሌላውን ሁሉ ይጠረጥራል። «የተለወጠ» ወይም «ከፋብሪካው የተለየ» ማለት በቂ ነው፤ ፍርዱ ከፈተናው በኋላ ይምጣ።

5. ስያሜዎቹ በዐረፍተ ነገር ሲፈተኑ

የአንድ ስያሜ ዋጋ የሚታወቀው በመዝገብ ላይ ሳይሆን በትእዛዝ ውስጥ ነው። ለንጽጽር እንዲያመች አንድን መመሪያ በሁለት መንገድ ጽፈን እናቀርባለን። በተለመዱት ስያሜዎች ሲጻፍ፦

«ጭስ ማውጫውን በተሻሻለ ጭስ ማውጫ በሚተኩበት ጊዜ በካርቡሬተሩ ላይ በረዶ እንዳይሠራ ጥንቃቄ ያድርጉ።»

ይህ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም። መካኒኩ ግን ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም፤ በጭስ መውጫና በበረዶ መካከል ምን ግንኙነት እንዳለም አያሳየውም። «ጥንቃቄ ያድርጉ» የሚለው ሐረግ ስያሜዎቹ የሰወሩትን ነገር ለመሸፈን የገባ ነው። አሁን ደግሞ፦

«ማርሚታውን በሌላ ዓይነት ሲለውጡ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፈው የጭስ ማሞቂያ ቱቦ በሁለቱም ጫፉ መታሰሩንና ጭስ የሚያሳልፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ በርጥብና በቀዝቃዛ አየር ካርቡሬተሩን አመዳይ ይይዘዋል።»

ሁለተኛው ረዘም ይላል። ነገር ግን እጅን የት እንደሚያሳርፍ፣ ዐይንን ምን እንደሚያሳይ፣ ካልተደረገም ምን እንደሚከተል ይናገራል። ተርጓሚ ሥራውን የሚያውቅ መሆኑ የሚመሰከርለት በዚህ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን እናሳስባለን። «ጭስ ማውጫ» የሚለው ስያሜ ለመጨረሻው የቱቦ ጫፍ ብቻ ተወስኖ ይቅር፤ በዚያ ቦታ ትክክል ነው። ድምፅ አፋኙ ክፍል በመካኒኮች አፍ እንደ ቆየ «ማርሚታ» ይባል። ከሲሊንደሩ እስከ ጫፉ ያለው ሁሉ ባንድነት ሲጠራ «የጭስ መሥመር» ይባል፤ መሥመር መነሻ፣ መድረሻና በመካከል ጣቢያ ሊኖረው ይችላልና። በካርቡሬተሩ ሥር የሚያልፈው «የጭስ ማሞቂያ ቱቦ»፣ ሁኔታው «የካርቡሬተር አመዳይ» ተብሎ ይመዝገብ። «ማሻሻል» ለውጤቱ እንጂ ለድርጊቱ አይሰጥ።

ስለ አሮጌ መኪና ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። በጀርመን የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው የቮልስዋገን ምርት እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ የነበረው የመጨረሻው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ቆሟል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ካርቡሬተርን ማስተካከል የሚያውቁ እጆች በየዓመቱ ይቀንሳሉ፤ ከእጆቹ ጋር ቃላቱም ይሄዳሉ። ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ታላላቅ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያሳትሙ የመጽሐፉንና የገጠሩን አማርኛ ከመጥፋት አድነዋል። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም ቋንቋው ለዘመናዊ ዕውቀት እንዲበቃ የሚያስፈልጉትን ስያሜዎች የማዘጋጀት ሥራም አብሮ ተጀምሯል። በሁለቱ መካከል ሳይጻፍ የቀረው የጋራዡ አማርኛ ነው። ቮልስ ግን የታሪካችን አካል ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር።

ስለዚህ የቃላት ሰብሳቢው ደብተሩን ይዞ ወደ ገዳሙና ወደ አውድማው እንደሚሄድ ሁሉ ወደ ጋራዡም መሄድ አለበት። እዚያ የሚያገኘውን ቃል «ጣልያንኛ ነው» ብሎ ከመጣሉ በፊት፣ የሚተካውንም «አማርኛ ነው» ብሎ ከመቀበሉ በፊት፣ ዕቃውን አስፈትቶ ይመልከተው። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት በየት በኩል እንደሚያልፍ ያወቀ ሰው ስሙን ለማውጣት አይቸገርም።